ነጩ ነጥብ

ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል እንጂ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። የሚያክመው የወደቀ፣ የተሰነጠቀ፣ የተቃጠለ ሞባይል ነው። ሱቁ ከሁለት ሰው በላይ አታስቆምም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንገቱ የሚጠማዘዝ መብራት፣ አጉሊ መነጽር፣ መበየጃ ብረት፣ በቁመታቸው የተሰደሩ ካቻቢቴዎችና ወረንጦዎች፤ ሀብቱ ይኸው ነው። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ትልቅ ካርቶን አለ፤ ስሙ «መቃብር» ነው።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ መቃብሩ ስለሆነ የሱቁን ደንብ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ደንበኛው ዕቃውን ያመጣል፤ ዶክተር ይከፍተዋል፣ ይነካካዋል፣ ከዚያ ከሁለት ቃል አንዱን ይናገራል፤ «ይተርፋል» ወይም «ሞቷል»። ይተርፋል ካለ ይተርፋል። ሞቷል ካለ ለድካሙ ምንም አይቀበልም፤ ደንበኛውም በድኑን ለመለዋወጫ ትቶለት ይሄዳል። «እስቲ ሌላ ጋ ላሳየው» የሚል ሰው ገጥሞት አያውቅም። ሌሎች ጠጋኞች በደህና ዕቃ ላይ በሽታ እየፈጠሩ ሲከብሩ እሱ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ደህናውን ሞተ ብሎ አያውቅም፤ ሲቀልዱበትም «አንተ ቤት ሞባይል የሚሞተው ቀኑ ሲደርስ ብቻ ነው» ይሉት ነበር። ቀልዱን ይወደዋል። ከስሙ ሌላ ምንም የለውማ።

አንዲት ልጅ አለችው፤ አራተኛ ክፍል ናት። ከተወለዱ ጀምሮ ሥጋ የማይይዛቸው ልጆች አሉ፣ እሷም እንደዚያ ስለሆነች ቤት ውስጥም ትምህርት ቤትም «ቀጮ» ነው የሚሏት። እናቷ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፣ አመሻሽ ላይ ነው የምትመለሰው፤ ስለዚህ ቀጮ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቀጥታ ሱቁ ትሄዳለች፣ በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ጉብ ትላለች፣ አባቷ ሲሠራ ታያለች። የአባትና የልጅ ጨዋታም አላቸው።

በየሞባይሉና በየታብሌቱ የጀርባ ክዳን ውስጥ ምስር የምታህል ነጭ ወረቀት ተለጥፋለች። ውሃ እስካልነካት ዕድሜ ልኳን ነጭ ናት። አንዴ ከራሰች ግን ቀይ ትሆናለች፤ ቢያደርቋት፣ ቢጠርጓት ወደ ነጭነቷ አትመለስም። ሰው ደግሞ ሞባይሉን ከነልብሱ አጥቦ ሲያበቃ «ኧረ ውሃ አጠገቡም አልደረሰ» ብሎ የሚምል ፍጡር ነው። ደንበኛው ምሎ ሲወጣ ዶክተር ክዳኑን ገልብጦ ለልጁ ያሳያታል።

«ምን ትላለች?»

«ቀይ ናት።»

«ሰውየውስ ምን አለ?»

«ዋሸ።»

ሁለቱም ይስቃሉ። «ሰውን አትመኚ፣ ነጥቧን ጠይቂ» ይላታል።

ትምህርት በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ተማሪዎች የራሳቸውን ታብሌት ይዘው እንዲመጡ ይላል። ወላጆች ተጠርተው ተሰበሰቡ። ርዕሰ መምህሩ ዓለም ወዴት እየሄደ እንደሆነ ለአንድ ሰዓት አስረዳ፤ ዓለም የት እንደደረሰ ዶክተር ባይገባውም ከሰው ጋር አጨበጨበ። አንዲት እናት ከኋላ ተነሥታ «የሌለንስ?» አለች። ርዕሰ መምህሩ ፈገግ ብሎ «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም፤ ለእነሱ በወረቀት እናትምላቸዋለን» ሲል መለሰ።

ወደ ኋላ ማለት ወደ ኋላ ነው። የወረቀት ክፍል የተባለው ከግቢው መጨረሻ ያለው፣ የተሰባበሩ ዴስኮች ይጠራቀሙበት የነበረው መጋዘን ነው። አንድ መስኮት አለው። አሥራ ሦስት ልጆች ገቡበት። አስተማሪዋ በዋናው ክፍል ጨርሳ ስትመጣ ለሩብ ሰዓት ታያቸዋለች። ማተሚያው ቀለም ሲጨርስ ያንኑ አንድ ወረቀት ሦስት ቀን ይሠሩታል። ወረቀቱ የታተመው ለታብሌት ከተዘጋጀው ላይ ስለሆነ «ቪዲዮውን ተመልክታችሁ መልሱ» ይላል፤ «እዚህ ይጫኑ» ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ወረቀቱን በጣታቸው እየተጫኑ በሳቅ ይንፈራፈሩ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የሚጫን ጠፋ። በዋናው ክፍል ያሉት ልጆችም ስም አውጥተውላቸዋል፤ «ወረቀቶች» ይሏቸዋል።

ቀጮ ባለፈው ዓመት ከክፍሏ ሦስተኛ የወጣች ልጅ ናት። እጇን ስታወጣ ከወንበሯ ትነሣለች እየተባለች ቁጣ የሚደርስባት ነበረች። አሁን ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማታል። ጥፍሯን እየበላች፣ እየበላች የጣቷ ጫፍ ደም ማዘል ጀመረ። አንድ ቀን እናቷ እጇን ይዛ ስታይ ቆየችና ወደ ባሏ ዞረች።

«የሰውን ሁሉ ታድናለህ» አለችው። «የራስህን ልጅ ግን እያየሃት ነው።»

አነጋገሯ የቁጣ እንኳ አልነበረም። እሱን ያንገበገበውም ይኸው ነው። አዲስ መግዛት በአቅማቸው የሚታሰብ አይደለም። ከመቃብሩ ውስጥ ስድስት የታብሌት በድን አውጥቶ የአንዱን ስክሪን ከሌላው ቦርድ ሊያጋባ ሞከረ፤ አንዱ ከአንዱ አልገጥም አለ። ድሮ የሞተ ታብሌት ይመጣለት ነበር፤ አሁን ግን አገሩ ሁሉ ታብሌቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ስለሚጠብቅ የሚሞት ጠፋ። ያም ሆኖ በየቀኑ የልጁን የክፍል ጓደኞች ታብሌት ቻርጅ ማድረጊያ እየጠገነ፣ ስክሪናቸውን እየወለወለ ያስረክባል። በርጩማዋ ላይ ሆና ታየዋለች።

ያን ሰሞን ቀጮን የሚያጽናናት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጓደኛዋ ድንቡሼ። ጉንጮቿ ሙሉ ስለሆኑ ነው እንዲህ የሚሏት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት፤ አስተማሪዎቹ «አንዷን ስንጠራ ሁለቱ ይመጣሉ» ይላሉ። ድንቡሼ ታብሌት ስላላት ዋናው ክፍል ቀረች። ነገር ግን በየእረፍቱ እየሮጠች ወደ መጋዘኑ ትመጣና ታብሌቷን ከመስኮቱ ብረት ጋር አስጠግታ ይዛ፣ ቀጮ ያመለጣትን ቪዲዮ ከውስጥ ሆና እንድታይ ታደርጋታለች። እጇ እስኪዝል ትይዝላታለች። ዶክተር ይህን ሁሉ የሚያውቀው ከልጁ አፍ ነው፤ ድንቡሼ ቤቷ ከከተማው ወዲያ ማዶ ስለሆነ በዓይኑ አይቷት አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የአውቶቡስ ሹፌር አውቶቡሱን ከሱቁ ፊት ለፊት ገትሮ ገባ። ትከሻው በሩን ይሞላል። ከጃኬቱ ውስጥ ታብሌት አውጥቶ በሁለት እጁ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ዶክተር የምትባለው አንተ ነህ?»

«ይሉኛል።»

«ይኸ ነገር ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ብትነካው ጨለማ ሆነ። አልጣልኩትም ትላለች፤ የልጅ ነገር እንግዲህ።»

«ውሃስ?»

«ውሃም አላስነካሁም ነው የምትለው።»

ውጪ ትራፊክ ፖሊሱ አውቶቡሱ ላይ ፊሽካውን ነፋ። ሹፌሩ «እዚያ ማዶ አቁሜው መጣሁ» ብሎ ወጣ።

ዶክተር ብሎኖቹን ፈታ፤ ክዳኑን አነሣ። ነጥቧ ወተት መስላ ነጭ ናት። ባትሪውን ከቦርዱ ጋር የምታገናኘው ጥፍር የምታህል መሰኪያ ከቦታዋ ወልቃለች፤ ታብሌቱ ምናልባት ቦርሳ ውስጥ ተጋጭቶ ይሆናል። በአውራ ጣቱ ተጫናት። ጠቅ አለች። ስክሪኑ በራ፤ ባርኔጣ ያደረገች የካርቱን ድመት ብቅ ብላ ሳቀችበት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ የቀለለ ሥራ አልገጠመውም።

እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ሰው ከሰይጣን ጋር ታገልኩ፣ ላብ አጠመቀኝ ይላል። ዶክተር አልታገለም። መጀመሪያ ያሰበው የልጁን ጣቶች ነው። ቀጥሎ ያሰበው፣ አንድ ታብሌት የገዛ ሰው ሌላም ይገዛል የሚለውን ነው። ሦስተኛ ነገር አላሰበም። መሰኪያዋን በጥፍሩ መልሶ ነቀላት፤ ድመቷ ጠፋች። ሹፌሩ መንገዱን አቋርጦ ሲመጣ በመስታወቱ ውስጥ ይታየዋል።

«እህ፣ ምን አለ?» አለ ሹፌሩ።

«ሞቷል።»

ቃሉ ከአፉ የወጣው ሺህ ጊዜ እንደወጣው ነው። ሹፌሩ ከንፈሩን መጠጠ፤ ታብሌቱን አየው። እዚህ ላይ ነገሩ አብቅቶ ነበር፤ ማንም ሰው ዶክተርን ሁለተኛ ጠይቆት አያውቅም። ይኸኛው ግን ለሰፈሩ አዲስ ነው፣ ደንቡን አያውቅም።

«ምን ነካው?» አለ።

አፍ ደግሞ አንዴ ከከዳ ወዲያ አያርፍም።

«ውሃ ገብቶበታል።»

የሹፌሩ ፊት ተለወጠ። «ውሃ» አለ ዝግ ብሎ። «አላስነካሁም ስትለኝ ነበር'ኮ። ዓይን ዓይኔን እያየች።» እርጥበትም ሊሆን ይችላል፣ ልጅቷ ሳታውቀው ይሆናል፤ ብዙ ሊባል የሚችል ነገር ነበር። ዶክተር ካቻቢቴውን ወለወለ። ሹፌሩም «በል ለመለዋወጫ ይሁንህ፣ አንተም ደከምክ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። አመስግኖት ነው የሄደው።

የታብሌቱ ጀርባ ላይ ወርቃማ ኮከብ ተለጥፎ ነበር። ዶክተር ያንን ክዳን አውልቆ ከመቃብሩ ባገኘው ጥቁር ክዳን ተካው፤ ውስጡን ፎርማት አድርጎ አጸዳው፤ መሰኪያዋን ጠቅ አደረጋት። ሌላ ሌባ ቢሆን ባለኮከቡን ክዳን አርቆ ይጥለው ነበር። የጠጋኝ እጅ ግን ክዳን አይጥልም። አንድ ቀን ይፈለጋል ብሎ መቃብሩ ውስጥ ወረወረው፤ ወርውሮም ረሳው።

ለቀጮ በማግስቱ ሰጣት። «ከመቃብር አስነሣሁት» አላት። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልላቀቅ አለችው። እናቷ በረኪና የሸተተ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ባሏን ለረጅም ጊዜ አየችው። ሐሙስ ጠዋት ሆዷን አላማትም።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ግን ቀጮ እህሉን ስታገላብጥ ቆየች።

«አባዬ፣ ድንቡሼ ወረቀት ክፍል ገባች።»

«ለምን?»

«ታብሌቷ ሞተባት። አባቷ አንተ ጋ ነው ያመጣው፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ውሃ ገብቶበታል አልከው አሉ።»

ዶክተር ሊጎርስ ያነሣውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው።

«አላስነካሁም ብትለው አላመናትም» አለች ቀጮ። «በቀበቶ ገረፋት። ክንዷን አሳይታኛለች። ‹ስለ ታብሌቱ አይደለም የምገርፍሽ፣ ስለዋሸሽ ነው› ይላት ነበር። መጨረሻ ላይ አዎ ውሃ ደፍቼበታለሁ አለችው። ሳታደርገው'ኮ ነው። እንዲተዋት ብላ።»

እናቷ «ጉድ ነው» አለች። «ምን ዓይነት አባት ነው?»

«አባዬ የኔን እንዳስነሣኸው የሷንም ታስነሣላታለህ አይደል? ቃል ገብቼላታለሁ።»

«የሞተ ሞቷል፣ ቀጮ።»

«የኔስ ሞቶ አልነበር?»

«ያንቺ ሌላ ነው።»

ቀጮ ትንሽ አሰበች። ጠጋኝ ያሳደጋት ልጅ ናትና የሚጠየቀውን ታውቃለች። «ነጥቧን አይተሃታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ምን ትላለች?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ «ቀይ ናት» አላት።

ቀጮ እጇን ከሳህኑ አነሣች። ፊቷ ላይ ያየው ነገር ኀዘን ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ቅያሜ ነው። «እንግዲያው እኔንም ዋሽታኛለች» አለች። «በእናቴ ሞት ብላ'ኮ ነው የማለችልኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጮ የድንቡሼን ስም አላነሣችም። ዶክተር የሆዱን በሆዱ ይዞ አንድ ሳምንት ቆየ። ነገሩ ይበርዳል፣ ልጆች ናቸው፣ ይታረቃሉ እያለ ራሱን ያታልላል። በሥራው ላይ ግን እጁ መሳት ጀመረ፤ ሁለት ስክሪን ሰበረ። ሹፌሩ ሌላ ታብሌት ገዝቶ ይሆናል ብሎ ሲጠይቃት «አልገዛላትም። ውሸታም ታብሌት አይገባውም ብሏታል» አለችውና ወደ መጽሐፏ ተመለሰች። «ውሸታም» የሚለውን ቃል ስትናገር የአባቷን ቃል አምና ነው።

ሐሙስ ዕለት ሱቁ ውስጥ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ሞባይሏ ሲጠገን ቆማ ትጠብቃለች። ዶክተር አጉሊ መነጽሩን ሳያነሣ «ቀጮ፣ እስቲ ከመቃብሩ ትንሽ ብሎን ፈልጊልኝ» አላት። ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ ስታንኮሻኩሽ ቆየች።

ስትወጣ በእጇ ወርቃማ ኮከብ ያለበት ክዳን ይዛለች። ያን ኮከብ ራሷ ናት ለጓደኛዋ የለጠፈችላት። ክዳኑን ገልብጣ እንደ ድሮው ጨዋታቸው ወደ እሱ ዘረጋችው።

«አባዬ» አለች፣ «ነጭ ናት።»

ሴትዮዋ ምን እንደሆነ ሳይገባት ፈገግ አለች። ዶክተር ሥራውን እንዴት እንደጨረሰ፣ ሴትዮዋ እንዴት እንደወጣች አያውቅም። ቀጮ ቦርሳዋን ከፍታ የራሷን ታብሌት አወጣች፤ የባለኮከቡን ክዳን ጫፍ ከታብሌቷ ጫፍ ጋር ገጠመችው። ልክክ አለ። መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አላት።

«ፊት ለፊት ውሸታም አልኳት» አለች ቀጮ። «እያለቀሰች ነበር። ጥያት ሄድኩ።» ማልቀስ ፈልጋ አልመጣላትም። «ሄደህ ለአባቷ ንገረው። ውሃ አይደለም በለው። ሌላ ምንም አትበለው ከፈለግህ፤ እሱን ብቻ።»

«እነግረዋለሁ።»

«ማርያምን?»

«ማርያምን።»

እሑድ አብረው ሄዱ። ዶክተር ባለኮከቡን ክዳን ወደ ቦታው መልሶታል። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን በልቡ ሲያጠና ሄደ፤ ተሳስቻለሁ ይላል፣ ውሃ አልነበረም ይላል፣ መሰኪያ ነው የወለቀው ይላል። ሙሉ እውነቱን ሊናገር አላሰበም፤ ግማሹ እንኳ ለልጅቱ ይበቃት ነበር። ቀጮ እጁን ይዛ ነበር የምትሄደው።

በሩን የከፈተው ሹፌሩ ራሱ ነው። የእረፍት ቀኑ ስለሆነ በሸበጥ ነው ያለው። ዶክተር ያጠናው ሁሉ ከአፉ ጠፋ፤ ታብሌቱን ብቻ ዘረጋ።

«ተረፈ» አለ።

«ምን?»

«ታብሌቱ። እንደገና... እንደገና ሞክሬው ተረፈ።»

ሹፌሩ ታብሌቱን ነካው፤ በራ። ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ልጅ ደነገጠ። ዶክተርን በሁለት ትከሻው ይዞ ወደ ቤት አስገባው። «ከሞተ በኋላም አልተውከው? ቤቴ ድረስ ይዘህልኝ መጣህ?» ይላል፤ ወንበር ይስባል፣ ያቅፈዋል። «እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን አለ? ዶክተር ያሉህ ያንስሃል።» ዶክተር ተቀመጠ። ሲመሰገን ዝም ማለት ለሰው እንዴት ቀላል ነው።

«ነይ እስቲ አንቺ» ብሎ ሹፌሩ ወደ ጓዳ ተጣራ።

ድንቡሼ እጅጌዋን እስከ መዳፏ ስባ መጣች። ዶክተር ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት። ጉንጮቿ እንደተባለው ሙሉ ናቸው፤ ዓይኗ ግን ከመሬት አይነሣም። ቀጮን እንኳ አላየቻትም።

«በውሃ የገደልሽውን ይኸውልሽ አስነሣልሽ። አመስግኚ። በፊቱም ይቅርታ በይ፣ ስንት ደክሞበታል።»

«ውሃ አላስነካችም» አለች ቀጮ።

ድምፅዋ ቀጭን ነው ግን ክፍሉ ሰምቶታል። ሹፌሩ ሳቀ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። «ጓደኛሞች ናቸው፣ ይሸፋፈናሉ» አለ። «የኔ ልጅ፣ አባትሽ ከፍቶ አይቶታል። አይደለም እንዴ ዶክተር?»

ሁሉም አዩት። ሹፌሩ አየው፣ ድንቡሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው፣ ቀጮ እጁን ጨበጥ አድርጋ ይዛ አየችው። አንዲት «አይደለም» ብቻ ነበረች የጎደለችው። አለማወቁ አይደለም፣ ያውቃል። ያችን ቃል ቢናገር ቀጥሎ የሚጠየቀውን ያውቃል፣ የዚያም ቀጣይ ይታየዋል፤ ሱቁ፣ ስሙ፣ አሥራ አንዱ ዓመት፣ አሁን ትከሻው ላይ ያረፈው የሰውየው እጅ ቀበቶ የያዘ እጅ መሆኑም ጭምር። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«አዎ» አለ። «ግን ልጅ ናት፣ ተዋት።»

ድንቡሼ ዓይኗን መለሰች። «ይቅርታ» አለች። «ሁለተኛ ውሃ አላስነካም።» የተለማመደችው ነገር ስለሆነ አልተደናቀፈችም።

የቀጮ እጅ ከእጁ ወጣ። ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ከኋላው ነው የተከተለችው፤ ቆሞ ሲጠብቃት እሷም ትቆማለች።

ሰኞ ዕለት ድንቡሼ ወደ ዋናው ክፍል ተመለሰች፤ ቀጮ ወደ መጋዘኑ። በእረፍት ሰዓት መስኮቱ ጋ የሚመጣ የለም። ቀጮ አንዴ ብቻ ልታናግራት ሞክራ ነበር፤ ድንቡሼ ‹አባትሽ አይቶታል'ኮ፤ እኔ ሳላውቀው አስነክቼው ይሆናል› ብላት ሄደች። እሷም ማመን ጀምራለች። እናቲቱ ታብሌቱ የት ገባ ብላ ስትጠይቅ ቀጮ «የሰው ነበር» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም። ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስቱ ስለ ልጃቸው ትምህርት አውርተው አያውቁም። ቀጮ አባቷን አላጋለጠችውም፤ አታኮርፍም፣ ሲጠራት አቤት ትላለች፣ ሲልካት ትሄዳለች። ሱቁ ግን መምጣት ተወች። ከትምህርት ቤት ቀጥታ ቤት ገብታ እናቷ እስክትመጣ ብቻዋን ትቀመጣለች። በርጩማዋ ላይ አሁን ካርቶን ተቀምጦበታል።

ሰፈሩ ግን የዶክተርን ስም ሰማይ አድርሶታል። ሹፌሩ በየፌርማታው አውርቶለታል፤ ሞተ ያለውን ራሱ መልሶ ያስነሣል፣ ቤት ድረስ ያመጣል ይባላል። ሰው ከሩቅ መምጣት ጀመረ።

ከሁለት ወር በኋላ ቀጮን እናቷ የቤቱን ቁልፍ ለአባቷ እንድታደርስ ላከቻት። ሱቁ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ሞባይላቸው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ዶክተር ቦርዱን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አይቶታል፤ ዝገቱ እስከ ውስጥ ገብቷል፣ የሚደረግ የለም።

«ሞቷል፣ አባባ» አለ። «ውሃ ገብቶበታል።»

እውነቱን ነበር። ሽማግሌው «ምን ይደረጋል፣ አንተ ካልክ አለቀ» ብለው ለመውጣት ዞሩ።

ቀጮ በሽማግሌውና በጠረጴዛው መካከል ገባች። እጇን ዘርግታ የሞባይሉን ክዳን አነሣች፤ ገልብጣ ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። ጥፍሮቿ እስከ ሥጋቸው ተበልተዋል። ዶክተር ወረንጦውን እንደያዘ ቀረ። በዚያች ሱቅ ውስጥ በቃሉ ላይ ማረጋገጫ የፈለገ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ልጅቱ ሳትቸኩል ነበር የምታየው፤ ሽማግሌውም ነገሩ ገርሟቸው ቆመው ጠበቁ።

«ቀይ ናት» አለች ለሽማግሌው። አባቷን አላየችውም።

ክዳኑን ወደ ቦታው መለሰችና ቁልፉን ከጎኑ አስቀምጣ ወጣች።